ሲሞቅ የሚኮማተር ፈሳሽ

«በኮምፒውተር ያስመሰልኩትን ፈሳሽ ሳሞቀው እፍግታው (ጥግግቱ) ጨመረ፤ ኮዱ ተበላሽቷል መሰለኝ» አለ ዛሬ አንድ ተማሪ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ግራፍ እያሳየ።

ኮዱ ደህና ነው። ውሃም ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ይኮማተራል። የሚገርመው በልጁ ሞዴል ውስጥ ሃይድሮጂንም ኦክስጅንም አለመኖሩ ነው፤ ድቡልቡል ኳሶች ብቻ! የሚገፋፉበት ደንብ ሁለት ርቀት አለው፦ መሃሉ ጠንካራ እምብርት፣ ከዚያ እስከ እምብርቱ ስፋት 1.7 እጥፍ ገደማ ድረስ እንደ ዳገት እየላላ የሚሄድ መገፋፋት። የፊዚክስ ተመራማሪው ጃግላ በ1999 የሠራበት ሞዴል ነው፤ ሐሳቡን ግን ሄመርና ስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1970 አንስተውታል።

ሲቀዘቅዙ ኳሶቹ ዳገቱን የሚወጡበት ጉልበት የላቸውም፤ ከግርጌው ተራርቀው ይቆማሉ። ትንሽ ሲሞቁ አንዳንዶቹ ወጥተው እምብርት ለእምብርት ይጠጋጋሉ፤ ግፊቱ ቋሚ ስለሆነ ኳሶቹ ያሉበት ሳጥን ይጠባል። የበለጠ ሲሞቁ እንደማንኛውም ፈሳሽ ይሰፋሉ። ግራፉ ላይ ያለው ጉብታ ይኸው ነው።

ጉብታው ከጠፋ መጀመሪያ ግፊቱን እዩት፤ ከበዛ ኳሶቹ ቀድመው ስለተጨፈለቁ የሚጠጋጉበት ቦታ አይተርፍም። ሌላው ችኮላ ነው፦ በየሙቀቱ ሳይረጋጋ ከተለካ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ኳሶቹ ከመነሻቸው የሚርቁት ርቀት በጊዜ ብዛት ማደጉን ካቆመ ሲስተሙ እንደ መስታወት ደርቋል ወይም ክሪስታል ሆኗል፤ ያንን ነጥብ ጣሉት።

(ሲጨመቁ ፈጥነው የሚንሸራሸሩበት ክልልም አላቸው፤ እሱም የውሃ ጠባይ ነው።)

ቀልጦ ፈሳሽ የሆነ ቴሉሪየም የተባለ ንጥረ ነገር ላይም፣ አንድም ሃይድሮጂን በሌለበት፣ ያው ጉብታ ይታያል።