ደሜን ምን ሊያደርጉት ነው?

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ዋለ። የለንደን ዝናብ እንደ ሐምሌ ዝናባችን ወርዶ አይወጣለትም። ሆድ የሚያስብስ ቀን ነበር። ቡና አፈላሁና ከእማዬ ጋር ቁጭ አልን። አቦሉን እየቀዳሁ ስልኬ ጮኸ። የእማዬ ጂፒ፣ ማለትም የሰፈሯ ሐኪም ቤት ነው። የተመዘገበው የእኔ ቁጥር ስለሆነ የእሷ ቴክስት ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ግፊት ያለባቸው ሰዎች የሚሳተፉበት ጥናት ስላለ ፈቃደኛ ከሆኑ ይመዝገቡ ይላል።

አነበብኩላት።

«ደም ይወስዳሉ?» አለች።

«ትንሽ።»

«ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ሊመረምሩት ነዋ» አልኳት። ዝም አለችኝ። ባለፈው ደም ስትሰጥ ነርሷ ሥሯን አጥታ ሦስት ቦታ ወግታታለች። እማዬ ጥጡን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ክንዷን አጥፋ፣ ባስ ውስጥም ሳትዘረጋው ቤት ደረሰች። ቦታው መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ ቢጫ ሆነ፣ ሳምንት ቆየ። ስለዚህ ጥያቄዋ የዋዛ አይደለም።

የእኔ ሐሳብ ግን ወደ ጥርሴ ሄደ። አንድ ሰሞን መንጋጋዬን አስነቅዬ ነበር። ኮ-ኮዳሞል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ታዘዘልኝ። መሥሪያ ቤት አብራኝ ያለችው ልጅ ያንኑ ኪኒን ውጣ ሥራ ትገባለች። እኔ ሁለት ፍሬ ውጬ አልጋ ላይ ቀረሁ። ጣራው ዞረብኝ፣ አስመለሰኝ፣ ወንድሜ ሲደውል ምላሴ ተሳሰረ። «ድካም ነው፣ ተኚ» አለኝ።

ነገሩን ያነበብኩት ቆይቼ ነው። ኮ-ኮዳሞል ውስጥ ያለው ኮዴይን ሕመም የሚያስታግሰው በአብዛኛው ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። የሚለውጠው አንድ ኢንዛይም አለ። የዚህን ኢንዛይም ጂን ትርፍ ቅጂ ይዘው የሚወለዱ ሰዎች ሞርፊኑን ቶሎና በብዛት ያወጡታል። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ኢትዮጵያውያንን መርምሮ 29 በመቶዎቹ ይህ ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አገኘ። በስዊድናውያን ዘንድ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ቢሆን ነው። ጥናቱ ላይ መጀመሪያ የሰፈረው ስም የእኛዋ እሌኒ አክሊሉ ነው፤ ዛሬ ስዊድን፣ ካሮሊንስካ በሚባለው የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ናቸው። እኔ ጂኔን አስመርምሬ አላውቅም፤ ያን ሌሊት ያሳመመኝ ይህ ነው ብዬ አልምልም። ግን ከሦስት ሰው አንድ ሊሆን ምን ቀረው? መድኃኒቱ ሲታዘዝልኝ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ የማይጠፉት በዚያ ጥናት የተሳተፉት ሰዎች ናቸው። ኪኒን ውጠው ሽንታቸውን በዕቃ ያጠራቀሙ፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ደም የሰጡ። ማን ይሆኑ? ከመካከላቸው «ምን ሊያደርጉት ነው?» ያለ ይኖር ይሆን? እነሱ እንቢ ቢሉ ኖሮ ይህን ነገር ስለ ራሳችን አናውቅም ነበር።

እዚህ አገር ዩኬ ባዮባንክ የሚባል፣ ለምርምር የሰው ደምና የጤና መረጃ የሚያከማች ድርጅት አለ። ከ2006 እስከ 2010 ድረስ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 የሆነ ግማሽ ሚሊዮን ሰዎች ደም ሰጡ። ከመቶው 95 ያህሉ ነጭ ናቸው። ስንት ምርምር ከዚያ ደም ይቀዳል! እኛ አልተጠራን ይሁን አልሄድን፣ ብቻ እምብዛም የለንበትም። ያንገበግበኛል። ቅጽ ስሞላ ደግሞ «ጥቁር አፍሪካዊ» የሚል አንድ ሳጥን ይሰጡኛል። ጎንደሬውም የሌጎሱም እዚያችው ሳጥን ውስጥ ነው። ስለ ኮዴይን ያነበበ ሰው በዚያ ሳጥን እንዴት ይረካል?

ታች ያሉት አሮጊት ትዝ አሉኝ። በኮሮና ጊዜ፣ ታመው ሳሉ፣ ፕሪንሲፕል የሚባለው የኦክስፎርድ ጥናት ውስጥ ገብተው ነበር። ሰው ቤቱ ተኝቶ የሚሳተፍበት፣ በየጂፒው የተካሄደ ጥናት ነው። የአስም መንፊያ ለኮሮና ይረዳ እንደሆነ ይፈትሹ ነበር፤ መንፊያው የሚደርሰውንና የማይደርሰውን ሰው የሚመርጠው ኮምፒዩተር ነበር። እሳቸው አልደረሳቸውም። የተለመደው ሕክምና ብቻ ደረሳቸውና 28 ቀን ሙሉ እንዴት እንደዋሉ ሲመዘግቡ ከረሙ። በኋላ መንፊያው ዕድሜያቸው የገፋ ሕሙማን በሦስት ቀን ገደማ ቀድመው እንዲሻላቸው እንደሚረዳ ታወቀ። «ለእርስዎ ምንም አልሰጡዎትም እኮ» ስላቸው «ያለ እኔ በምን ያወዳድሩት ነበር?» አሉኝ። ይህን ለእማዬ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። ገብቷት ይሁን ለእኔ ብላ፣ አላወቅኩም።

በረካው ላይ ራሷ አነሳችው።

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

እኔማ ግቢበት ነው የምለው። አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ከቴክስቱ ጋር የተላከው የጥናቱ ወረቀት ምክንያት ሳይሰጡ ማቋረጥ ይችላሉ፣ ሕክምናዎ አይነካም ይላል። በእንግሊዝኛ ያነበብኩት እኔ። ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ። «ትንሽ» ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ነው። ይህን ሳልነግራት ነበር። አሁን ነገርኳት። ሲኒዋን አስቀመጠች፣ ያን ክንዷን በሌላው እጇ ዳበሰችው።

«አንቺ ካልሽ እሺ» አለች።

ሰኞ ጂፒው አስተርጓሚ እንዲያቀርብላት እጠይቃለሁ። እኔ ከክፍሉ እወጣለሁ። ግን እማዬ ሰው ፊት አንዴ «እሺ» ካለች ቃሏን አታጥፍም፣ ለእኔ ደግሞ ዛሬ ብላዋለች። ታዲያ ሰኞ የምትለው እሺ የማን ይሆናል?