የፖሊስ ሽጉጥ ሲጠፋ

በደቡብ አፍሪካ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ መሠረት፣ መሣሪያው የጠፋበት ወይም የተሰረቀበት ባለፈቃድ ይህንኑ ባወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማመልከት አለበት፤ ሳያመለክት ከቀረ በወንጀል ይጠየቃል፣ በቸልተኝነት ካጠፋውም እንዲሁ። ድንጋጌውን እደግፈዋለሁ። የሚያሳዝነኝ ይህ ጥብቅነት ሕግ አስከባሪው ራሱ ዘንድ ሲደርስ መላላቱ ነው።

በዚያው አገር ክሪስቲያን ፕሪንስሉ የተባለ የፖሊስ ኮሎኔል፣ እንዲወገዱ ፖሊስ ዘንድ ከገቡት መካከል 2,000 ያህል መሣሪያዎችን አውጥቶ በመሸጥ ለኬፕ ታውን ወንበዴዎች እንዲደርሱ በማድረጉ እ.ኤ.አ. በ2016 የ18 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ፍርዱ ተገቢ ነው። ይሁንና ያን ያህል መሣሪያ ከግምጃ ቤት ሲወጣ መዝገቡን ከመደርደሪያው ጋር ያመሳከረ፣ እያንዳንዱን መለያ ቁጥር እያነበበ የቆጠረ አለቃ የት ነበር? ይህ ጥያቄ ከአንድ ሰው ጥፋት በላይ ነው።

የፍለጋውም ነገር እንዲሁ ነው። የፖሊስ መሣሪያ ሲሰረቅ ሰፈር ተከቦ ቤት ለቤት ሊፈተሽ ይችላል፤ የአንድ ዘበኛ መሣሪያ ሲሰረቅ ግን ብዙውን ጊዜ ቃሉ ተመዝግቦ ይሸኛል፣ አልፎ ተርፎም እሱ ራሱ ተጠርጣሪ ይሆናል። ሁለቱም መሣሪያዎች የሚገድሉት እኩል ነው። በፍተሻው እንቅልፉን የሚያጣው ደግሞ በጥፋቱ እጁ የሌለበት ነዋሪ ሲሆን፣ ሽጉጡን ያዝረከረከው ባልደረባ ጉዳይ በውስጥ ዲሲፕሊን ተዳፍኖ ሊቀር ይችላል።

እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2015 በሳን ፍራንሲስኮ ከቆመ መኪና የአንድ የፌዴራል መንግሥት ጥበቃ ሠራተኛ ሽጉጥ ተሰረቀ፤ ከአራት ቀን በኋላ ከዚያው ሽጉጥ በወጣ ጥይት አንዲት የ32 ዓመት ሴት ሞተች። ካሊፎርኒያ በቀጣዩ ዓመት ባወጣችው ሕግ፣ ሽጉጡን መኪና ውስጥ ትቶ የሚሄድ ሰው፣ ፖሊስም ቢሆን፣ ከዕይታ ሰውሮ እንዲቆልፍበት አስገደደች። የሰው ሕይወት ሳይጠፋ ሊጻፍ ይችል የነበረ ሕግ ነው።

ፖሊስ የጠፉበትን መሣሪያዎች ብዛት በየዓመቱ ለሕዝብ እንዲያሳውቅ እፈልጋለሁ። ይህ ለወንጀለኞች መረጃ ይሰጣል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን መሣሪያው እጃቸው የገባ ሰዎች መጥፋቱን ቀድመው ያውቃሉ። ምርመራውንም የጠፋበት ጣቢያ ሳይሆን ለጣቢያው አዛዥ የማይታዘዝ አካል ይያዘው፤ ቸልተኝነት ከተገኘም መዝገቡ እንደማንኛውም ባለፈቃድ መዝገብ ለዐቃቤ ሕግ ይቅረብ።