ለባሕር ዳር ሙቀት የሚሆን ሞተር እንዴት መረጥኩ

ባሕር ዳር ውስጥ ለሥራ መመላለሻ የሚሆን ሞተር ልገዛ ስነሣ ያስቀደምኩት ጥያቄ አንድ ነው፦ በሚያዝያ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ምን ይሆናል? እየሄደ ያለ ሞተር ነፋስ ያገኛል፤ ሲሊንደሩም ነጂውም ይበርዳሉ። ችግሩ የሚመጣው ከዓባይ ማዶ ድልድዩን ተሻግሮ ከባጃጅ ኋላ ሲንፏቀቁ፣ ማደያ ላይ ሲሰለፉ፣ የግቢ በር ላይ ፍተሻ ሲጠብቁ ነው። ስለዚህ ያየኋቸውን ሁሉ በዚሁ መዘንኳቸው፦ ቆሞ ሳለ ሙቀቱን በምን ያስወጣል? የወጣው ሙቀትስ ማን ላይ ያርፋል?

በሙቀቱ ላይ ከፍታው ይደመራል። የጣና ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ስለሆነ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ያህሉ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይሳሳል፤ ጉልበቱም ወደ 20 በመቶ ይጠጋል የሚቀንሰው። ካታሎጉ 10 የፈረስ ጉልበት የሚለው 125 ሲሲ እዚህ የሚሰጠው 8 ያህል ነው። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ያንሳል። 100 ሲሲን የተውኩት ለዚህ ነው፤ ሜዳ ላይ አንድ ሰው ያደርሳል፣ ሰው ጭኖ የቤዛዊትን ዳገት ሲወጣ ግን በዝቅተኛ ማርሽ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነው የሚጮኸው፤ ከዚህ በላይ ሞተር የሚያግል አነዳድ የለም። 150 እና ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ለከተማ ምልልስ ይበዛል። ከሚቃጠለው ቤንዚን ጉልበት ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ ትልቅ ሞተር ሲቆም እግራችሁ ላይ የሚለቀው ትኩሳትም ትልቅ ነው። ለአንድ ሰውና አልፎ አልፎ ለሚጫን ሁለተኛ ሰው 125 ሲሲ ልክ ሆኖ አገኘሁት።

ስለ ስኩተር ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ከፕላስቲክ ሽፋን ሥር ስለተደበቀ ቶሎ የሚግል ይመስላል፤ በእርግጥ ግን በአየር የሚቀዘቅዝ ስኩተር ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከር የራሱ ፋን አለው፤ ቆሞም ሲሊንደሩ ላይ አየር ይነፋል። ባለማርሹ ሞተር ይህ የለውም፤ የሲሊንደሩን ክንፎች የሚያበርደው የመንገዱ ነፋስ ብቻ ነው። በዚህ በኩል ስኩተሩ ይበልጣል። የስኩተሩ ድካም ሌላ ቦታ ነው፦ ማርሹን የሚተካው የጎማ ቤልት። በየሜትሩ እየተነሡ እየቆሙ ሲሄዱ የመነሻው ፍሪሲዮን እየተንሸራተተ ይግላል፤ ቤልቱ ባለበት ሳጥን ውስጥ ሙቀት ይታመቃል፤ ከውስጥ መንገዶች የሚገባው አቧራም ይሞርደዋል። አምራቾች ብዙውን ጊዜ ቤልት በ20,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይቀየር ይላሉ፤ በእኛ አቧራና ሙቀት በ15,000 ከፍቶ ማየት ይሻላል። ጠርዙ ከተሰነጣጠቀ ወይም ስፋቱ መመሪያው ከሚፈቅደው ካነሰ መለወጥ ነው። የፋኑ መሳቢያ ወንፊት በገለባና በአቧራ ከተደፈነ ደግሞ ያ የተመሰገነው ቅዝቃዜ የለም።

እኔን ከስኩተር ያራቀኝ ግን ጎማው ነው። ከዋናው አስፋልት ወደ ሰፈር ሲገባ ያለው ኮብልስቶን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ በክረምት ዋልካ። ባለ 10 ወይም ባለ 12 ኢንች ጎማ በድንጋዮቹ መካከል እየገባ ይወጣል፤ ንዝረቱ በቀጥታ ወደ ወገብ ነው። ባለ 17 ወይም ባለ 18 ኢንቹ ክፍተቱን ተሻግሮት ያልፋል። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ፍሬን ሲያዝ ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። ቤቱም መሥሪያ ቤቱም አስፋልት ዳር ለሆነ ሰው ይህ ምክንያት አይሠራም፤ ለእሱ ስኩተር ይመቸዋል፤ እግር የሚያርፍበት ወለል ስላለው ቀሚስ ለለበሰችም ይስማማል።

የኤሌክትሪኩን በደንብ አስቤበታለሁ፤ ለዚህ ከተማ የሚስማማ ብዙ ነገር አለው። የአየር መሳሳት አይነካውም፤ ሲቆም ሙቀት አያመርትም፤ የማደያ ሰልፍ የለበትም። ሂሳቡን ግን ሻጭ ከሚለው ላይ ሳይሆን ከባትሪው ላይ አንሡ። 72 ቮልት፣ 20 አምፒር ሰዓት ማለት 1,440 ዋት ሰዓት ነው። ቀላል ስኩተር በከተማ ፍጥነት በኪሎ ሜትር ከ30 እስከ 40 ዋት ሰዓት ይበላል። ባትሪውን እስከ ባዶ ላለማውረድ 80 በመቶውን ብቻ ከቆጠራችሁ ከ29 እስከ 38 ኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። ከመሀል ከተማ ዘንዘልማ ደርሶ ለመመለስ ይበቃል፤ ጢስ ዓባይ ደርሶ ለመመለስ አይበቃም፤ ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው፣ ለመሄድ ብቻ።

የባትሪው ዓይነት ከሁሉም በላይ መጠየቅ ያለበት ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ ለሚቆም ሞተር ይህ ከባድ ኪሣራ ነው። ክብደቱም አለ፦ ለ72 ቮልት ስድስት ባትሪ ያስፈልጋል፣ እያንዳንዱ 7 ኪሎ ቢሆን 42 ኪሎ ከመቀመጫው ሥር። ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ይቀላል፣ ሙቀትም ይችላል። ቢሆንም እንደደረሱ ወዲያው ቻርጅ ላይ መሰካት አይገባም፤ አንድ ሰዓት ያህል ጥላ ውስጥ ይብረድና የባሕር ዳር ሌሊት ቀዝቀዝ ሲል ይሰካ። መብራት በሚጠፋበት ሳምንት እንዳትቸገሩ ባትሪው ተፈትቶ ተሸክመውት የሚገባ ይሁን። እኔ የማድርበት ቦታ ቋሚ መሰኪያ ስለሌለው የቤንዚኑን መረጥኩ፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ውሳኔዬ ወደዚያ ያዘነብል ነበር።

በመጨረሻ የያዝኩት በአየር የሚቀዘቅዝ፣ 125 ሲሲ፣ ባለ 17 ኢንች ጎማ፣ በቁልፍም በእግርም የሚነሣ ባለማርሽ ነው። የእግር ማስነሻውን እንደ አሮጌ ነገር አትዩት፤ ሙቀት ከሁሉ አስቀድሞ የሚገድለው የመነሻውን ባትሪ ነው። ምርቱንም ስመርጥ ያየሁት መለዋወጫውን ነው። የቲቪኤስና የባጃጅ ባለ ሦስት እግሮች ከተማውን ስለሞሉት የእነዚህን ሥራ የሚያውቅ መካኒክ በየሰፈሩ አለ፤ የሁለት እግሩ ፍሬን ሸራ፣ ካቴናና የፍሪሲዮን ገመድም ሳይታዘዝ ይገኛል። ጥሩ ሆኖ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ የሚጠበቅ ሞተር ለዕለት ሥራ አይሆንም።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ፍተሻውን በጠዋት አያድርገው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ሻጩ ሞተሩን ሳያስነሣ እንዲጠብቅ እነግረዋለሁ፤ ስደርስ ሲሊንደሩን በእጄ እነካለሁ። ሞቆ ከጠበቀኝ በብርድ ለመነሣት ያስቸግራል ማለት ሊሆን ስለሚችል ሌላ ቀን እመለሳለሁ። ከተነሣ በኋላ ግማሽ ሰዓት እነዳዋለሁ፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጠው፣ አምስት ደቂቃ አቆመዋለሁ። ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ማለት ከጀመረ አየር የሚስብበት ቀዳዳ አለ ወይም ካርቡራቶሩ ቆሽሿል። አጥፍቼ አሥር ደቂቃ እጠብቅና እንደገና አስነሣለሁ፤ ብዙ ችግር የሚጋለጠው በዚህ በትኩስ ማስነሣት ላይ ነው። በትኩስነቱ አልነሣ ካለ የቫልቭ ክፍተቱ ጠብቧል፣ ወይም የእሳት ኮይሉ ሲግል ይደክማል። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ የፒስተን ፋሻ ወይም የቫልቭ ላስቲክ አልቆ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ያ ሞተር ይቅር። ጥቁር ጭስ ቀላል ነው፤ ካርቡራቶሩ ለቆላ እንደተስተካከለ ቀርቶ ለእኛ ከፍታ ቤንዚን አብዝቶ ይሆናል። ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩት፦ ቡናማ ጤነኛ ነው፣ ጥላሸት የለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ነጭ የሆነ ቤንዚን አንሶት ከመጠን በላይ እየጋለ ነው። ነጩ ከጥቁሩ ይልቅ ያስፈራል፤ ፒስተን የሚያቀልጠው እሱ ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ሳላመሳክር ገንዘብ አላወጣም።

ዘይቱን 20ደብልዩ-50 ነው የማደርገው፣ አምራቹ የሚፈቅደው እስከሆነ ድረስ። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ይኑር፤ የጃፓን የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ነው። የመኪና ዘይት ውስጥ ግጭት ለመቀነስ የሚጨመረው ቅመም በዘይት ውስጥ የሚሠራውን የሞተር ፍሪሲዮን ያንሸራትተዋል፤ መጀመሪያ የሚታየውም በሙቀት ነው፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። ለስኩተር ጃሶ ኤምቢ ይሆናል። በበጋው አቧራ ዘይቱን በ2,500 ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ፤ የአየር ፊልትሮውን ደግሞ በየ1,000ው አወጣዋለሁ። በሰልፍ ውስጥ ፍሪሲዮን በግማሽ ይዞ መንፏቀቅ ሸራውን የሚያቃጥል ልማድ ነው፤ የፊቱ ባጃጅ ጥቂት ሜትር እስኪርቅ ጠብቆ ሙሉ በሙሉ ለቅቆ መሄድ ይሻላል።

የጎማ ነፋስ የሚለካው ጠዋት ሳይነዳ ነው። አየሩ ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ሲግል የ30 ፒኤስአይ ጎማ ወደ 34 ይወጣል፤ ይህን አይቶ ጎሚስታ ጋ ያስቀነሰ ሰው በማግሥቱ ጠዋት በጎደለ ጎማ ይሄዳል፤ የጎደለ ጎማ ደግሞ ጎኑ እየታጠፈ ይበልጥ ይግላል። ታንከሩንም እስከ አፉ አላስሞላም፤ 10 ሊትር ቤንዚን 20 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ ሁለት ዲሲሊትር ስለሚነፋ ይፈሳል።

ማቆሚያ ላይ የማስበው የጠዋቱን ጥላ አይደለም። በሚያዝያ አጋማሽ እዚህ ፀሐይ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትሆናለች፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ስትሄድ ጥላው ወደ ምሥራቅ ይዘረጋል። ስለዚህ ከሕንፃው በስተምሥራቅ አቆማለሁ፤ ጠዋት ፀሐይ ቢያርፍበትም 11 ሰዓት ላይ የምቀመጥበት ሴላ አያቃጥልም። የጎዳናው ዘንባባ ያማረ ነው፣ ጥላው ግን ጠባብ ነው፤ ዋርካ ከተገኘ እሱ ይመረጣል። ከሴላው ላይ ነጭ ጨርቅ ጣል ማድረግ ብቻ ትልቅ ልዩነት አለው። የጎን መቆሚያው በጋለ አስፋልት ውስጥ እየሰመጠ ሞተሩን ስለሚጥል ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ቆርቆሮ ከሥሩ ይግባ።

ልብስን በተመለከተ እጅጌ ማሳጠር አያበርድም፤ ፀሐዩ ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ከወደቁም አስፋልቱ ይልጠዋል። ሰፋ ያለ፣ ቀለሙ የፈካ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ጥጥ ከላዩ የመረብ ጃኬት ቢደረብበት አየር ያስገባል። ሸበጥ አይሆንም፤ ከኋላ የሚቀመጥ ሰውም እግሩ ማርሚታውን እንዳይነካ መከለያው መኖሩን እዩ። ሄልሜት ነጭ ወይም ፈካ ያለ፣ የፊትና የኋላ አየር ማስገቢያ ያለው፣ የደኅንነት ደረጃ ማሟላቱን የሚያሳየው የኢሲኢ ምልክት የተለጠፈበት ይሁን፤ መስተዋቱንም ምሽት ላይ ወደ ሐይቁ ዳር ስትወርዱ ነፍሳት ዓይን እንዳይገቡ ዝጉት። ስታቆሙ ታንከር ክዳን ላይ አታስቀምጡት፤ የቤንዚን ትነት የውስጡን ፎም ይበላዋል።