የዶስቶየቭስኪን ሕይወት ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልስ

የሩሲያዊውን ደራሲ የፌዮዶር ዶስቶየቭስኪን የሕይወት ታሪክ በአማርኛ ሳዘጋጅ ይከብደኛል ብዬ የፈራሁት ፍልስፍናውን ነበር። ጊዜዬን የበላው ግን የቀን መቁጠሪያው ነው።

ሩሲያ እስከ 1918 እ.ኤ.አ. ድረስ የምትቆጥረው በድሮው የዩልዮስ አቆጣጠር ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከምዕራቡ 12 ቀን ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ አንዱ መጽሐፍ ደራሲው ሞስኮ የተወለደው ኦክቶበር 30 ቀን 1821 ነው ይላል፣ ሌላው ኖቬምበር 11። ሁለቱም ልክ ናቸው።

የመጀመሪያው ስሕተቴ የምዕራቡን ቀን ይዤ «መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው» በሚለው የዛሬ ስሌት መመለሴ ነበር። በዚያ ክፍለ ዘመን መስከረም 1 በአብዛኛው የሚውለው ሴፕቴምበር 10 ላይ ነው። ልዩነቱ የመጣው በ1900 ምዕራባውያን ፌብሩዋሪን በ28 ስለዘጉት ነው። አንድ ቀን ምን ያደርጋል እንዳይባል፤ ስሕተቱ ከልደት እስከ ሞት ባሉት ቀኖች ሁሉ ይደገማል።

አጭሩ መንገድ ምዕራቡን ጭራሽ አለመንካት ነው። የእኛም የሩሲያም የድሮ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ሳያጓድሉ ይጨምራሉ። ስለዚህ ገናን ችካል አደረግሁት፦ በድሮው ዲሴምበር 25 ማለት ታኅሣሥ 29 ነው። ከዚያ ወዲህም ወዲያም በጣት ይቆጠራል። ልደቱ ኅዳር 3 ቀን 1814 ዓ.ም. ሆኖ ወጣልኝ።

የሚያደናቅፈው ጳጉሜን ስድስት ከምትሆንበት ዓመት ቀጥሎ የሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ነው። ያኔ ገና ታኅሣሥ 28 ስለሚውል፣ ከመስከረም አንሥቶ እስከ ፌብሩዋሪ 28 ድረስ ከውጤቱ አንድ ቀን ይቀነሳል። ጄኔቭ የተወለደችው የመጀመሪያ ልጁ ሶፊያ እዚህ ውስጥ ትገባለች። በድሮው ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1868 ተወለደች፤ በእኛ የካቲት 27 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው እንጂ 28 አይደለም።

ማረጋገጫው ዕለቱ ነው፤ አቆጣጠር ቢለወጥም ሐሙስ ሐሙስ ነው። ዶስቶየቭስኪ ፒተርስበርግ ውስጥ ሴምዮኖቭ አደባባይ ላይ የሞት ፍርዱ የተነበበበት በድሮው ዲሴምበር 22 ቀን 1849፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 1842 ዓ.ም. ነው። በባሕረ ሐሳብ ፈተሽሁት፦ 1842 ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7342፤ ለአራት ሲካፈል መጠነ ራብዒቱ 1835፤ ድምሩ 9177። ለሰባት ሲገደፍ ምንም አይተርፍም፤ መስከረም 1 ሰኞ ነው ማለት ነው። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 26 ያለው 115 ቀን ለሰባት ሲገደፍ ሦስት ይተርፋል፤ ከሰኞ ሦስት ሲቆጠር ሐሙስ። የሩሲያውም ሐሙስ ነው።

እዚሁ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። ምዕራቡ ቀኑን ጃንዋሪ 3 ቀን 1850 ስለሚለው ዓመቱ የሚምታታበት አለ። ደግሞ «ከእንጨት ጋር ታስሮ ሳለ ምሕረት መጣለት» የሚለው ልክ አይደለም። የታሰሩት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እሱ ስድስተኛ ቆሞ የሁለተኛውን ዙር ይጠብቅ ነበር። ምሕረቱም አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ አደባባዩ ላይ የታየው ቀዳማዊ ኒኮላይ ያዘዘው ተውኔት ነበር። እውነተኛው ቅጣት አራት ዓመት ግዞት ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር፣ ከዚያ በኋላ ተራ ወታደርነት ነው። እግሩ በሰንሰለት ታስሮ ወደ ሳይቤሪያ የተነሣው ዲሴምበር 24 ሌሊት፣ ማለትም ታኅሣሥ 28፣ በገና ዋዜማ ነው። በምዕራቡ ቀን ጃንዋሪ 5 ብዬ ብተወው ኖሮ ዋዜማነቱ ይጠፋ ነበር።

«ቁማርተኛው»ን ሲጽፍ ደግሞ ቀኑ ራሱ ታሪኩ ነው። አሳታሚው ስቴሎቭስኪ 3000 ሩብል ከፍሎ ውል አስገባው፤ አዲስ ልብ ወለድ እስከ ኖቬምበር 1 ቀን 1866 (ኅዳር 5 ቀን 1859 ዓ.ም.) ካላስረከበ አሳታሚው ሥራዎቹን ለዘጠኝ ዓመት ያለ ክፍያ ያትማል። በአጭር ጽሕፈት የምትይዝለት የ20 ዓመቷ አና ስኒትኪና ጥቅምት 7 ጀመረች፤ ኅዳር 2 አለቀ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቀን ጨምሮ 26 ቀን። ከሁለቱ ቀኖች አንዱ በምዕራቡ ሌላው በድሮው ቢጻፍ 38 ወይም 14 ይሆናል፤ ድምሩ ካልገጠመ አንዱ ምንጭ ተቀላቅሏል ማለት ነው። ስቴሎቭስኪ ከከተማ ወጥቶ ስለነበር ጽሑፉ ለፖሊስ ጣቢያ በደረሰኝ ተሰጠ። አናን በየካቲት 21 አገባት።

ስሞቹ ለእኛ ያን ያህል አያስቸግሩም፤ «ሚኻይሎቪች» የሚኻይል ልጅ ማለት ነው፣ ከአባት ስም ልማዳችን ብዙም አይርቅም። ግራ የሚያጋባው ቁልምጫው ነው፦ «ወንጀልና ቅጣት» ውስጥ ሮዲያ ራሱ ሮዲዮን ነው፣ ዱንያም አቭዶትያ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ጊዜ ጽፌ አለፍሁት።

ያረፈው ጃንዋሪ 28 ቀን 1881፣ የካቲት 3 ቀን 1873 ዓ.ም. ነው። መቃብሩ ላይ የተቀረጸው ዮሐንስ 12፥24 የ«ካራማዞቭ ወንድማማቾች» መክፈቻም ነው። ይህችን ጥቅስ አልተረጎምኋትም፤ አንባቢ ስለሚያውቃት ከአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ገለበጥኋት።