ከመሬት በታች ያገኘኋት የብር ምልክት

ለንደን፣ ቻንስሪ ሌን። ደረጃውን ይዤ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ታች ግድግዳው ወፍራም ነው፤ የየሱቁ በር የባንክ ካዝና በር ይመስላል። ቦታው ለንደን ሲልቨር ቮልትስ ይባላል። ድሮ ሀብታሞች ንብረታቸውን በአደራ የሚያስቀምጡበት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከላይ ያለው ሕንፃ በቦምብ ሲፈርስ ካዝናው ምንም አልሆነም። አሁን የብር ዕቃ ነጋዴዎች ተደርድረውበታል።

ትልልቁን ሰሃንና የሻማ መቅረዝ አልፌ ሄድኩ። እኔን ያመጣኝ በጠርሙስ አንገት ላይ በሰንሰለት የምትንጠለጠለው ትንሽ የብር ምልክት ናት።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወይን እንግሊዝ የሚደርሰው በበርሜል ነበር። ጠርሙሱ ጥቁር ነው፤ ወረቀት አይለጠፍበትም። ወደ ገበታ የሚቀርበው ደግሞ በመስታወት ማንቆርቆሪያ፣ በዲካንተር ተገልብጦ ነው። ታዲያ አሳላፊው ፖርት የሚባለውን ወይን ክላሬት ከሚባለው በምን ይለየው? ከ1730ዎቹ ጀምሮ አንጥረኞች የወይኑን ስም በብር ላይ ቀርጸው ማንጠልጠል ያዙ። ያኔ "የጠርሙስ ቲኬት" ይሏት ነበር።

ባለሱቁ ሽማግሌ ናቸው። ጥቁር ጨርቅ ዘርግተው አንድ በአንድ አወጡልኝ። የተቀረጸባቸው የወይን ስም ነው፦ ማዴይራ። ሼሪ። ሊዝበን። "ማውንቴን" የሚል ሳይ ግራ ገባኝ፤ ለካ ከስፔን ከማላጋ የሚመጣ ጣፋጭ ወይን ነው። ዛሬ በዚያ ስም የሚጠራው የለም ማለት ይቻላል። ስሙን ያቆየችው ይቺ ብር ናት።

"ገልብጣት" አሉኝና አጉሊ መነጽር ሰጡኝ።

ከጀርባዋ የሚራመድ አንበሳ አለ፤ ብሩ 92.5 በመቶ ንጹሕ ነው ማለት ነው። አጠገቡ ኤች እና ቢ በእጅ ጽሑፍ ቅርጽ ተመትተዋል። ሄስተር ቤትማን! ባሏ በ1760 ሲሞት ሥራውን ተረክባ፣ በዓመቱ የራሷን የአንጥረኛ ማኅተም ያስመዘገበች ናት። እጄ ላይ ትንሽ ከበደችኝ። ከአንድ ቀን በፊት ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም እንዲህ ዓይነቶቹን በመስታወት ውስጥ አይቻለሁ፤ ግን ፊታቸውን ብቻ ነው። ጀርባቸውንም ቢያሳዩን ምናለ እላለሁ። ታሪኩ ያለው እዚያ ነው።

ሽማግሌው አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ። ብርቅ ስም ዋጋ ስለሚያወጣ፣ የድሮውን ስም ፍቀው ሌላ የሚቀርጹ አሉ። ምልክቱ በጣት ሲዳሰስ መሃሉ ከሳሳ፣ ተጠርጣሪ ነው። ዳሰስኩ። እውነትም በአንዷ ላይ ጣቴ ጎድጓዳውን አገኘው።

በ1860ዎቹ የወረቀት ምልክት በጠርሙሱ ላይ እየተለመደ ሲመጣ ብሩ ሥራ ፈታ። የቤትማኗን ለመግዛት አቅሜ አልፈቀደም። የወሰድኩት አንዲት ሼሪ ነው። ከብዙ ዘመን መወልወል የተነሳ ፊደሎቿ ሊጠፉ ደርሰዋል፣ ሰንሰለቷ ከጠርሙስ አንገት ጋር ሲፋተግ ኖሮ ሳስቷል። ለእኔ ግን ከአዲስ መሳዩ ሁሉ እሷ ትበልጥብኛለች፤ የሰው እጅ ያለባት ናት።

ሽማግሌው በስስ ወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝና "ደግመህ እንዳትወለውላት፣ አደራ" አሉኝ።