ለወጥሁ እንጂ አልሸጥሁም

ዛሬ ሱቁን በጊዜ ዘግቼ ገባሁ። ገበያ ቀዝቅዞ አይደለም። ደብተር ሊገዛ ለመጣ ልጅ መልስ ስሰጥ ሁለቴ ተሳሳትሁ። ልጁ ራሱ "እትዬ፣ በዛ" ብሎ ትርፉን መለሰልኝ። ሐሳቤ ሌላ ሂሳብ ላይ ነው ያለው። መኪና ስለለወጥሁ የተጠየቅሁት 55 ሺህ ብር። ቁጥሩን የሰማሁት ዓርብ ነው፤ ይኸው ማክሰኞ ሆነ፣ አሁንም አልተዋጠልኝም።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ስጽፈው ይቀለኝ ይሆናል።

አንዲት ያረጀች ዲኤክስ ነበረችኝ፤ የድሮ ቶዮታ ኮሮላ። ለሱቁ ዕቃ የማመጣው በእሷ ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐል ላይ የዓባይ በረሃ አለ። ስንት ጊዜ ወርዳ እንደወጣች እኔም አልቆጠርሁትም። ባለፈው ዓመት ግን ወረቀትና ደብተር ጭና ወደ ደጀን ስትወጣ ውሃ ማፍላት ጀመረች። ዳገቱ ላይ ቆሜ፣ ኮፈኗን ከፍቼ፣ በጄሪካን ውሃ ሳፈስ ዝንጀሮዎቹ ግንብ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። "በቃሽ" አልኋት። ለእሷ ይሁን ለራሴ፣ እንጃ።

ሸጬ ሌላ ልግዛ እንዳልል የመኪና ገበያ የሚታመን አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ የሚገባውን አሮጌ መኪና አስወደደው። በ2016 ደግሞ ጭራሽ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ ቆርቆሮ ሁሉ ወርቅ ሆነ። ዛሬ መኪናውን የሸጠ ሰው፣ ትንሽ ካመነታ፣ በዚያው ብር የሸጣትን እንኳ መልሶ አይገዛም። ስለዚህ መለወጥ ይሻላል አልሁ። መኪና በመኪና፣ ልዩነቱን በብር።

መለወጥ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። አባቴ ቢቸና አካባቢ ገበሬ ነው። በሬ ሲያረጅበት ይነዳና ገበያ ይወጣል፤ ወይፈን ካለው ሰው ጋር ይለውጣል። ጥርስ ያያሉ፣ ጫንቃ ይዳብሳሉ፣ ይከራከራሉ። መጨረሻ ላይ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ "ጭማሪው ስንት ነው?" የአንዱ በሬ ዋጋ ስንት፣ የሌላው ስንት ብሎ ለብቻ የሚቆጥር የለም። ከኪስ የወጣው ጭማሪው ነው፤ ዋጋውም እሱ ነው። እኔም መኪናዋን ይዤ የወጣሁት በዚህ ልቤ ነው።

መጀመሪያ የሄድሁት ባሕር ዳር፣ አንድ መኪና ሻጭ ዘንድ ነው። ዲኤክሷን እንደሚቀበለኝ ነገረኝ። ዋጋውም ተስማማኝ። ልንጨባበጥ ስንል "ቫቱ ሳይጨመር ነው እንግዲህ" አለ። 15 በመቶ። በልዩነቱ ላይ መስሎኝ ነበር። ሰውየው ሳቀ። "እትዬ፣ መኪናሽም እኮ እንደ ብር ይቆጠራል" አለኝ። ግማሹን በብር፣ ግማሹን በብረት ብከፍልም መንግሥት የሚያየኝ ሙሉውን በብር እንደከፈልሁ ነው ማለት ነው። ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ። ነጋዴ በሌለበት፣ ሰው ከሰው ቢሆን ይሻላል ብዬ።

ደላላው ደምበጫ ላይ ሰው አገኘልኝ። ገጠር ለገጠር እየዞረ እህል የሚሰበስብ ሰው ነው፤ ያለው ግን ቪትስ፣ ትንሿ ቶዮታ። ዝቅ ያለች ስለሆነች ኮረኮንቹ ሆዷን ይፈገፍጋታል። እሱ የሚፈልገው ጠንካራ መኪና፣ መለዋወጫዋ የትም የሚገኝ። እኔ የምሄደው አስፋልት ለአስፋልት ነው። እንዲህ ያለ የተገጣጠመ ልውውጥ በዕድሜ አንድ ጊዜ ነው የሚገኘው። ውሃ እንደምታፈላም አልደበቅሁትም። "ራዲያተር ነው፣ እቀይረዋለሁ" ብሎ አለፈው።

ቡና እየጠጣን ተስማማን። ቪትሷ 1 ሚሊዮን 500 ሺህ፣ ዲኤክሷ 900 ሺህ፣ የምጨምረው 600 ሺህ። ልንነሳ ስንል ሰውየው ቀስ ብሎ "የሁለቱም መኪና ስም ማዞሪያ ክፍያ በአንቺ ይሁን" አለ። እኔም "እሺ" አልሁ። ከዓርብ ጀምሮ ስረግም የከረምሁት ይህችን "እሺ" ነው። የ600 ሺህ 2 በመቶ ነው ብዬ በልቤ አስልቼው ነበር። 12 ሺህ ብር። ለ12 ሺህ ብር ቡናችንን አላበላሽም አልሁ።

ውሉን ይዘን ስንሄድ አናቱ ላይ "የተሽከርካሪ ልውውጥ ውል" ይል ነበር። የጻፈልን ሰው ጽሕፈቱ ያምራል። አንዱን መሥሪያ ቤት አለፍን፣ ሁለተኛው መስኮት ላይ ተመለሰ። "ልውውጥ የሚል የለንም። ሁለት ሽያጭ አድርጋችሁ ጻፉት።" ተመልሰን ጻፍን። አሁን በወረቀት እኔ መኪናዬን ሽጬ 900 ሺህ ብር ተቀብያለሁ። ያ 900 ሺህ የት አለ? ማንም አላየውም። ሰውየውም 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ተቀብሏል ይላል። ከእኔ ወደ እሱ የሄደው 600 ሺህ ብር ነው፤ እሱም በባንክ፣ ደረሰኙ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ደረሰኙን አውጥቼ አሳየሁ። የሚያየው ሰው አላገኘሁም።

በዚህ አላበቃም። ግምት የሚባል ነገር አለ። ውላችን ላይ የጻፍነው ዋጋ ቀርቶ መኪኖቹ በቢሮው ዋጋ ተገመቱ። ቪትሷ 1 ሚሊዮን 750 ሺህ፣ ዲኤክሷ 1 ሚሊዮን። የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ። ለአንዷ 35 ሺህ፣ ለሌላዋ 20 ሺህ። ድምር 55 ሺህ። ከእጄ ከወጣው 600 ሺህ ጋር ሳስተያየው ከ9 በመቶ በላይ ነው። 2 በመቶ ብዬ የገባሁበት ነገር!

መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ትሑት ናት። ልትቆጣኝ ትችል ነበር፤ ድምፄን ከፍ አድርጌባታለሁ። እሷ ግን ረጋ ብላ "እትዬ፣ ቀረጡ በብሩ ላይ አይደለም፤ በስሙ ላይ ነው። ሁለት ሊብሬ ነው የሚዞረው" አለችኝ። ማታ አዋጁን አስፈልጌ አየሁት፤ የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990። እውነቷን ነው። የንብረት ባለቤትነት ስም ሲመዘገብ ነው 2 በመቶው የሚከፈለው። ሁለት ንብረት፣ ሁለት ምዝገባ። ሕጉ የሚያየው ወረቀቱን ነው፤ ኪሴን አያይም። ይህን ስረዳ ንዴቴ ይበርዳል ብዬ ነበር። ባሰ። የምቆጣው ሰው አጣሁ።

በግምቱ ግን አሁንም እከራከራለሁ። ግምት ለምን እንደመጣ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ውል ላይ ግማሹን እየጻፈ ነው የመጣው። ደላላውም መክሮኝ ነበር፦ "ቪትሷን 800 ሺህ በዪ፣ ማን ያውቃል?" እኛ የቅኔ አገር ሰዎች ነን፤ ሰምና ወርቅ አይጠፋንም። ውሉ ላይ ሰሙን ይጽፋሉ፣ ወርቁን ከጠረጴዛው በታች ይቆጥራሉ። እኔ እምቢ አልሁ። ጻድቅ ስለሆንሁ አይደለም፣ ፈርቼ ነው። ነገ መኪናዋ የተሰረቀች ሆና ብትገኝ፣ ወይ ጸብ ቢነሳ፣ ፍርድ ቤት የማሳየው የተጻፈውን ነው። 800 ሺህ ብዬ ጽፌ 1 ሚሊዮን 500 ሺህ መልስልኝ ልለው? ስለዚህ እውነቱን ጻፍሁ። ግምቱ መጥቶ የዋሸውንም ያልዋሸውንም እኩል አደረገን። ኧረ እኔ ያልዋሸሁበት አንድ መቶ ብር እንኳ ቢቀነስልኝ ምን አለ!

ደላላውን ላመስግን እንጂ። እሱም መጀመሪያ በሁለቱም መኪና ዋጋ ኮሚሽን ካልሰጣችሁኝ ብሎ ነበር። "ወንድሜ፣ እኔ የጨመርሁት 600 ሺህ ነው" አልሁት። ጭንቅላቱን አከከና "እውነትሽን ነው" አለ። በ600 ሺህው ተስማማን፤ 12 ሺህ ወሰደ። የልቤን ሂሳብ የተረዳልኝ ደላላው ብቻ ሆነ። ደላላ የሚሰድብ ሰው ከእንግዲህ ፊቴ ባይሰድብ ደስ ይለኛል።

ዓርብ ማታ እሱው ደውሎ ሌላ መላ አቀረበልኝ። "ስሙን አታዙሪው፤ ውክልና ተሰጣጡና ንዱ።" ስንቱ ሰው እንዲህ እንደሚነዳ አውቃለሁ። ግን አንዲት ጎረቤቴ ያየችውን አይቻለሁ። በውክልና ገዝታ ሁለት ዓመት ነዳች። ሻጩ ሞተ። ወካይ ሲሞት ውክልናውም አብሮ ይሞታል። ወራሾቹ መጡ። መኪናዋ አጥር ጥግ ቆማ፣ ጎማዋ ተንፍሶ፣ ዶሮ ሰፍሮባት ክረምት አለፈባት። "ተወው፣ እከፍላለሁ" አልሁት።

ቅዳሜ ለወንድሜ ደወልሁ። ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው፣ አሌክሳንድሪያ። አገር ቤት ያለውን ቢሮክራሲ እንዲረግምልኝ ነው የደወልሁት፤ ሰው አንዳንዴ የሚፈልገው እሱን ነው። እሱ ግን "እታለም፣ እኛም ጋ እኮ ያው ነው" ብሎ የራሱን ጀመረልኝ። እዚያ አሮጌ መኪናህን ለሻጩ ሰጥተህ በአዲስ መለወጥ የተለመደ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን የሽያጭ ታክሱ 4.15 በመቶ ሆኖ የሚታሰበው በአዲሷ መኪና ሙሉ ዋጋ ላይ ነው። የሰጠሃት አሮጌ አትቀነስልህም። ዳላስ ያለው የአጎታችን ልጅ ደግሞ ቴክሳስ ስለሆነ ታክሱ 6.25 በመቶ ነው፤ ግን በልዩነቱ ላይ።

ነጋዴ ነኝና እስክሪብቶ አነሳሁ። 30 ሺህ ዶላር የምታወጣ መኪና ገዛህ እንበል፤ አሮጌዋን በ12 ሺህ ተቀበሉህ። ቨርጂኒያ 1,245 ዶላር ይወስድብሃል። ቴክሳስ 1,125። በመቶኛው የሚበልጠው አገር ያነሰ ይወስዳል! ካሊፎርኒያም በሙሉ ዋጋው ላይ ነው የምታስበው፤ መነሻዋ 7.25 በመቶ ስለሆነ ቢያንስ 2,175 ይመጣል። ወንድሜ "የቴክሳሶቹ ምክንያት ምን መሰለሽ፣ አሮጌዋ ነገ ለሌላ ሰው ስትሸጥ ለብቻዋ ትታክሳለች፤ ሁለቴ ለምን?" አለኝ። ያው አባቴ ከበሬ ገበያ የሚያውቀው ነገር ነው። ጭማሪውን ቁጠር፣ በቃ።

ትንሽ ቀለለኝ ልበል? ቀለለኝ መሰለኝ። አሌክሳንድሪያ ያለ ሰው በእኔው ነገር ሲበሳጭ መስማት አንድ ነገር ነው። ግን ወንድሜ ልዩነት አለው፤ እሱ ከመግዛቱ በፊት ስንት እንደሚከፍል አውቆ ነው የሚሄደው። እኔ የተነገረኝ ውሉን ፈርሜ፣ 600 ሺህውን አስገብቼ፣ ዲኤክሷ ደምበጫ ገብታ ራዲያተሯ ከተቀየረ በኋላ ነው። ቀድሜ አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው። ለመጠየቅ ግን ልውውጡ ሁለት ሽያጭ እንደሚባል ማወቅ ነበረብኝ። ማን ያስባል እንዲህ?

ዛሬ ጠዋት ከፈልሁ። ሊብሬው በስሜ ወጣ። ሱቅ ገብቼ የሂሳብ ደብተሬ ላይ "ዲኤክስ ወጣች፣ ቪትስ ገባች፣ 600 ሺህ ወጣ" ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩ 55 ሺህውን ስጽፍ የምን ብዬ እንደምጽፈው ጠፋኝ። የስም ብዬ ተውሁት።

ማታ አባቴ ደወለ።

"ለወጥሽ አሉ፣ ልጄ?"

"ለወጥሁ፣ አባዬ።"

"ጭማሪው ስንት ሆነ?"

"600 ሺህ። በወረቀቱ ግን ሽጫለሁ ነው የሚለው። ሸጬም ገዝቻለሁ። 55 ሺህ ለመንግሥት ከፈልሁ።"

ዝም አለ። በሬዎቹን እያሰበ ይሆናል አልሁ። ከዚያ፣

"ዳገት ትወጣለች ወይ?" አለኝ።