አንድ ትርፍ መደብ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

የዘንድሮን ሰላምታ በቅርጫ ልጀምር። ድሮ በምሠራበት ቢሮ ለእንቁጣጣሽ በሬ እናርድ ነበር። ያዋጣ ይካፈላል፣ ያላዋጣ ወደ ቤቱ። የጽዳት ሠራተኞቹ ደሞዛቸው ስለማይችል ሁሌም የሉበትም። ደሙን የሚያጥቡት ግን እነሱ ናቸው።

አንድ ዓመት ሥጋው ኮባ ላይ ሲመደብ፣ ቢላ የያዘው ልጅ ከየመደቡ ትንሽ ትንሽ እየቆረጠ አንድ ትርፍ መደብ ሠራ። ገና ሦስት ወር ያልሞላው ተቀጣሪ ነው።

“ይሄ ደግሞ የማነው?”

“የእናቶቻችን።”

“እንዲህ ተደርጎ አያውቅም እኮ!” ያለ ነበር። እውነቱን ልናገርና እኔም ሆዴ ውስጥ ስስት ተላወሰች፤ ከኔ መደብ የተነሳችው ጥሩ ሽንጥ ነበረች። ልጁ አልተከራከረም። ቢላውን ጠራረገና “በሉ ዕጣ ጣሉ” አለ። በዓመቱ ሒሳብ ሲሠራ ያ መደብ ማንም ሳይጠይቅ ተቆጠረ።

መስከረም ሲጠባ እዳዬ አበበች ጎበናም ትዝ ይሉኛል። ወሩ የግሸን ማርያም ወር ነው፤ መስከረም 21። እሳቸውም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸንን ሊሳለሙ ወሎ ወረዱ። አገሩን ረሃብ መትቶታል። መንገድ ላይ የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አዩ። ሌላው ተሳላሚ ጸበልና እምነት ይዞ ይመለሳል። እሳቸው ልጅ ታቅፈው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ ቤቱ ውስጥ 21 ልጆች ሆኑ።

እስከዚህ ያለውን ሁላችንም እናወራዋለን። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ባል አልወደደውም። ዘመድ “አበደች” አለ። በዚያ ዘመን ባለትዳር ሴት “ባል ቢቀር ይቅር፣ የሰው ልጅ ላሳድግ” ስትል አስቡት! ቤቱን ትተው ልጆቹን ይዘው ወጡ። እንጀራ እየሸጡ አበሏቸው። መቼም ድሮም እሺ ባይ አልነበሩም፤ በልጅነታቸው ያለፈቃዳቸው ሲድሯቸው ጠፍተው አዲስ አበባ የገቡ ሴት ናቸው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሲያርፉ፣ እናቴ ብሎ ያለቀሰላቸውን ሰው ብዛት ታስታውሳላችሁ።

ደግ ሰው ስንል ዝም ብሎ አንገቱን የሚደፋ ይመስለናል። እዳዬ አንገት አልደፉም። ያ ቢላ የያዘው ልጅም እንደዚያው።

ዘንድሮ የሰፈራችንን ቅርጫ ዝርዝር የያዝኩት እኔ ነኝ። የሰፈሩ ዘበኛ አባባ ስማቸው የለበትም፤ ኖሮም አያውቅ። በሬው ነገ ማለዳ ነው የሚታረደው። ዛሬ ማታ ጎረቤቶቼን አንድ በአንድ ላንኳኳ ነው። አንደኛው እንደሚያኮርፈኝ ከወዲሁ አውቃለሁ፤ ቡናውን ግን አይከለክለኝም።

መልካም አዲስ ዓመት!